የሚጠይቅ መመሪያ፦ ከመርከብ ሞተር ክፍል እስከ ጉባ ተርባይን

አንድ የጦር መርከብ ከወደብ ርቆ ሳለ ሞተሩ ቢታወክ፣ መርከበኞቹ የአምራቹን መሐንዲስ ወዲያው ማግኘት አይችሉም። መፍትሔውን የሚፈልጉት ከራሳቸው ሥልጠናና ከመመሪያው ነው። የመርከብ መመሪያ ግን በርካታ ቅጾች ያሉት በመሆኑ፣ በጭንቅ ሰዓት ተፈላጊውን ገጽ ማግኘት ራሱን የቻለ ችግር ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩን ለማቃለል የተፈጠረውን መስተጋብራዊ የኤሌክትሮኒክ የቴክኒክ መመሪያ ምንነትና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለውን ፋይዳ እንመለከታለን።

ምንነቱና ደረጃዎቹ

ወረቀትን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ብቻውን መመሪያን መስተጋብራዊ አያደርገውም። በአሜሪካ ጦር ዘንድ የታወቀው አመዳደብ 5 ደረጃዎች አሉት። በ1ኛው ደረጃ የገጾች ምስል ብቻ ይቀመጣል፤ በ2ኛው ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማያያዣ ይጨመራል። በ3ኛው ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ በመስኮት ይቀርባል። በ4ኛው መረጃው በዳታቤዝ ይደራጃል። በ5ኛው ደግሞ መመሪያው ከብልሽት መመርመሪያ ሥርዓት ጋር ይቀናጃል።

መረጃው በትናንሽ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ስለሚጻፍ፣ አንድ ክፍል ሲታረም መላውን መጽሐፍ እንደገና ማተም አያስፈልግም። ለዚህ አሠራር የሚያገለግለው ኤስ 1000 ዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለአውሮፕላን ተጀምሮ ወደ መርከብና ወደ የብስ መሣሪያዎች ተስፋፍቷል።

ጥያቄው እንዴት ይሠራል?

የአንድ ተርባይን ቤሪንግ (መካኒኮቻችን ኩሽኔታ የሚሉት) ከመጠን በላይ ሞቀ እንበል። መመሪያው በመጀመሪያ ቀላሉን ይጠይቃል፦ ሁለተኛው ሴንሰር ተመሳሳይ ሙቀት ያሳያል? «አይደለም» ከተባለ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ያመራል። «አዎ» ከተባለ ስለ ዘይቱ መጠን፣ ቀጥሎም ስለ ማቀዝቀዣው ውኃ ይጠይቃል። አደገኛ ሥራ ሲኖር ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ይቀርባል።

እያንዳንዱ ጥያቄ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች እኩል ለሁለት ቢከፍል፣ 8 ምክንያቶችን ለመለየት 3 ጥያቄዎች፣ 64 ምክንያቶችን ለመለየት 6 ጥያቄዎች ይበቃሉ። በተግባር ክፍፍሉ ሁልጊዜ እኩል ባይሆንም፣ በዘፈቀደ ከመፈታታት እጅግ ይሻላል።

ከምጽዋ እስከ ጉባ

በምጽዋ ይገኝ የነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1954 ዓ.ም. የተረከባት «ኢትዮጵያ» የተሰኘችው መርከብ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች። በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች መጡ። የመሣሪያው ምንጭ ሲለወጥ የመመሪያው ቋንቋም ይለወጣል፤ ሠራተኛውም እንደ አዲስ ይማራል። በ2011 ዓ.ም. እንደገና መደራጀት የጀመረው ባሕር ኃይልም ይህንኑ ማሰብ ይኖርበታል።

ባሕር የሌለው ክልላችንም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መሣሪያዎቹን ያቀረቡት የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። ተርባይን ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ሠራተኛው ግን ይቀየራል፣ ጡረታም ይወጣል። ስለዚህ የነባሩ ባለሙያ ልምድ ለተተኪው የሚደርሰው በሥርዓት ከተጻፈ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

ዕቃው ተቀይሮ መመሪያው ካልታረመ ጥያቄዎቹ ወደ ስሕተት ይመራሉ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም ለአደጋ ጊዜ የሚሆኑ ትእዛዞች በወረቀት ሊኖሩ ይገባል። መመሪያው ለሠለጠነ እጅ አጋዥ እንጂ የሥልጠና ምትክ አይደለም።

መልመጃ

1. 32 ምክንያቶችን ለመለየት ቢያንስ ስንት የ«አዎ/አይደለም» ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ?
2. በአሶሳ ወይም በአካባቢያችሁ የሚገኝ የወፍጮ ሞተር ወይም የውኃ ፓምፕ ምረጡ። «አልነሳም» ቢል የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ከባለሙያው ጋር በቅደም ተከተል ጻፉ፤ በአካባቢው በሚነገር ቋንቋም አዘጋጁት።