ስለ ከንቲባ ገብሩ ደስታና ስለ ልጃቸው ስለ ስንዱ

ልጆች ሆይ፤ በነፋስ ስልክና በላፍቶ መንገድ ማለዳ የሚያልፈውን ሰው አስተውላችሁ ተመልከቱ። ከእነዚያ መካከል አዲስ ሥራ የሚጀምር ልጅ ቢኖር በደጅ በቆመችው እናቱ ይታወቃል። ነጠላዋን ተከናንባ፥ ልጇ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች፤ ከተሰወረም በኋላ ቶሎ ወደ ቤት አትገባም። ጎረቤት ሲያልፍ፥ ሳይጠይቃት፥ «ልጄ ዛሬ ሥራ ገባ» ትላለች።

ይህ ትዕቢት ነውን? አይደለም። ደክሞ የዘራ ገበሬ ቡቃያውን አይቶ ቢደሰት ማንም ትዕቢተኛ አይለውም። ነገር ግን በዚህ ደስታ ውስጥ ጥቂት ኀዘን ተቀላቅሎበታል፤ ይኸውም ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ይህን እንድታስተውሉ የአንድ አባት ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተወለዱ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ተማሩ፤ ከዚያም በስዊስ አገር፥ በባዝል ከተማ አጠገብ፥ በክሪስቾና ትምህርት ቤት ገብተው የጀርመንን ቋንቋ አወቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐፄ ምኒልክን አገለገሉ፤ የጎንደርም ከንቲባ ሆኑ። ከንቲባ ማለት የከተማ ሹም ማለት ነው።

ልጃቸው ስንዱ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ተወለደች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሴት ልጅን የሚያሳድጋት ለጋብቻ ነበረ፤ መፍተልና ወጥ መሥራት ካወቀች ፊደል ምን ይጨምርላታል ይባል ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን ስንዱንና ታናሽ እኅቷን የውብዳርን በ1921 ዓ.ም. ገደማ እርሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ስዊስ አገር ላኳቸው። ስንዱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሆኗት ነበር፤ የውብዳር ግን የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። መንገዱ እስከ ጅቡቲ በባቡር፥ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ነው፤ ደብዳቤም ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሳምንት ያልፋል። እንዲህ ያለችን ሕፃን ከእናቷ ለይቶ መስደድ ለእኔ እጅግ የከበደ ነገር ይመስለኛል። አባትየው ግን ይህን መንገድ በልጅነታቸው የሄዱበት ነበሩና ዋጋውንም ትርፉንም ያውቁት ነበር። ይህች ታናሺቱ በኋላ መንኵሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት፥ የፒያኖ ዜማቸው በዓለም የተሰማላቸው ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ስንዱ ተምራ ከተመለሰች በኋላ ብዙ ሳይቈይ ጦርነት መጣ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ እርሷ ወደ ጎሬ ሄዳ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ በቀይ መስቀል ሥራ አገለገለች። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ከቤተ ሰቧ ጋራ አዚናራ ወደምትባል የኢጣልያ ደሴት ተጋዘች። መጀመሪያ ባሕር የተሻገረችው ለትምህርት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን ለግዞት ሆነ። ከቤተ ሰቡም በጠላት እጅ የሞቱ ነበሩ።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የመረጡት ሥራ መምህርነት ነው። በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የሴቶች ልጆች በሚማሩበት በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሠሩ፤ የዚያም ትምህርት ቤት የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ቴያትር ራሳቸው ይጽፉላቸው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከዚህ ድረስ «ስንዱ ሄደች፥ ስንዱ አገለገለች» ስል ቈይቼ፥ መምህር መሆናቸውን ስነግራችሁ «ወይዘሮ ስንዱ» ማለት ጀመርሁ። ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ትናንት «አንቺ» የተባለች ልጅ ሥራ ስትይዝ «እርስዎ» ትባላለች፤ ተማሪዎች ተነሥተው ይቀበሏታል፥ ጊዜዋም ሐሳቧም ለእነርሱ ይሆናል። በቤት ግን ሽማግሌው አባት አሁንም «አንቺ» ይላታል። ወላጅ ደስታውንና ኀዘኑን ባንድነት የሚቀምሰው በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ቆሞ ነው።

ከንቲባ ገብሩ በእርጅናቸው ያዩት ይህን ነው። እርሳቸው ፊደልን ፍለጋ በሕፃንነታቸው ከአገር ወጥተው ከባዕድ ሰው እጅ ተማሩ፤ ልጆቻቸውንም ለዚሁ ብለው ከቤታቸው ለዩ። አሁን ግን የኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች ባሕር ሳይሻገሩ፥ እናታቸውንም ሳይለዩ፥ በገዛ አገራቸው ከስንዱ አፍ ይማሩ ጀመር።

ወይዘሮ ስንዱ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝብ መርጧቸው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ከእርሳቸው በፊት ለዚህ የተመረጠች ሴት አልነበረችም። አባታቸው ግን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዐርፈው ነበርና ይህን አላዩም። ያዩት የመምህርነቱን መጀመሪያ ነው።