ለአንድ ሰው 16 ነጥብ፦ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር ለምትከፍት ልጄ

ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ዴይኬር ልትከፍቺ መሆኑን እናትሽ ስትነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ስንቱ የሐበሻ እናት በዚህ ሥራ የቤት ዕዳዋን ከፍላለች፣ ልጆቿን ኮሌጅ አስገብታለች። ስለ ምግቡ፣ ስለ ጨዋታውና ስለ ውሉ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ስንት ልጅ መቀበል እንዳለብሽ ነው። ደህና ደህና ሴቶችን ከዚህ ሥራ ያስወጣቸው «አንድ ልጅ ቢጨመር ምን አለበት» የምትለው ሐሳብ ናትና።

1. ራስ አትቁጠሪ፣ ዕድሜ ቁጠሪ።

ቨርጂኒያ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው ነጥብ ትሰጣለች። ከተወለደ ጀምሮ 16 ወር እስኪሞላው ድረስ አንድ ሕፃን 4 ነጥብ ነው። ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2 ነጥብ፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው 1 ነጥብ ይይዛል። 10 ዓመት የሞላው ነጥብ የለውም። አንዲት ጠባቂ ለብቻዋ ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አይፈቀድላትም።

እስኪ ወረቀት አውጪና ደምሪው። አራት ጨቅላዎች 16 ናቸው፤ በቃ፣ ሞላሽ። ስምንት የሦስት ዓመት ልጆችም 16 ናቸው። ሁለት ጨቅላ፣ አንድ የዓመት ከመንፈቅ ልጅና ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ቢኖሩሽ 8፣ 3 እና 4፣ በድምሩ 15 ይሆናል። የቀረሽ ቦታ ከትምህርት ቤት ለሚመጣ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው።

ልጅ ሲያድግ ነጥቡ ስለሚቀንስ፣ እያንዳንዱ ልጅ 16 ወር፣ 2 ዓመትና 5 ዓመት የሚሞላበትን ቀን ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ። ቦታ የሚከፈትልሽ በእነዚያ ቀናት ነው፤ ወረፋ ለያዘች እናትም «በመጋቢት አጋማሽ ደውዪልኝ» ማለት የምትችዪው ይህ ወረቀት ሲኖርሽ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው ጓደኛሽ ግን ስሌት አትቅጂ። ወንዙን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ከገባሽ ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ በተለመደው የቤት ፈቃድ ከ8 ልጅ አይበልጥም፣ ለብቻዋ የምትሠራ ሴት ከ2 ዓመት በታች የምትይዘውም ሁለት ብቻ ነው።

2. ሁለት ዓይነት ቆጠራ እንዳለ እወቂ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ ላይሰንስ ያስፈልግሽ እንደሆነ የሚወስነው ነው። በቨርጂኒያ ከ5 እስከ 12 ልጅ የምትጠብቅ ሴት የስቴቱ ላይሰንስ ሊኖራት ግድ ነው፤ ከ12 በላይ በቤት ዴይኬር አይፈቀድም። በዚህ ቆጠራ የራስሽ ልጆችና እቤትሽ የሚኖሩ ልጆች አይገቡም። ሁለተኛው የነጥቡ ቆጠራ ነው፤ እዚህ ግን ከ8 ዓመት በታች የሆኑ የራስሽ ልጆች ይገባሉ። የአንቺ ትንሿ ልጅ ገና አሥር ወሯ ስለሆነ ገና ደጅሽን ሳትከፍቺ 4 ነጥብ ይዛብሻለች። ለአንድ ሰው የሚቀረው 12 ነው ማለት ነው።

ላይሰንስ የሌላት ሴት ደግሞ የራሷንም ልጆች ጨምሮ ከ2 ዓመት በታች ከአራት ሕፃን በላይ መያዝ አትችልም፤ ከዚያ በላይ ለመያዝ ቢያንስ በፈቃደኝነት መመዝገብ አለባት።

ድሮ ላይሰንስ የሚጠየቀው ከስድስት ልጅ ጀምሮ ነበር። ፈቃድ በሌላቸው ቤቶች ሕፃናት ሞተው ብዙ ከተባለ በኋላ፣ በ2015 የወጣው ሕግ ወደ አምስት አወረደው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በሐምሌ 2016 ነው። «እኔ ስጀምር እንዲህ አልነበረም» የሚሉሽ ትልልቅ ሴቶች እውነታቸውን ነው፤ ግን ዛሬ አይሠራም። ቢሮውም ተቀይሯል፤ ከ2021 ወዲህ ላይሰንስ የሚሰጠው የትምህርት መሥሪያ ቤቱ እንጂ እንደ ቀድሞው የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ አይደለም።

3. ካውንቲሽንም ጠይቂ።

ስቴቱ 12 ስላለሽ 12 አስገባለሁ ብለሽ እንዳትነሺ። በፌርፋክስ የዞኒንግ ሕግ ልዩ ፈቃድ ካላወጣሽ ለብቻው በቆመ ቤት 7፣ በታውንሃውስ ወይም በአፓርትመንት 5 ልጅ ነው የሚፈቀደው። ከአምስት በታች ስለሆንኩ ማንም አይጠይቀኝም አትበይ፤ ካውንቲው ለእነዚያም የራሱ ፈቃድ አለው። ተከራይ ከሆንሽ የባለቤቱን ውል፣ ታውንሃውስ ከሆነ የሰፈሩን ማኅበር ደንብ አንብቢ።

4. አውቶቡሱ የሚመጣበትን ሰዓት ፍሪ።

ነጥቡ የሚቆጠረው በየደቂቃው ነው። ጠዋት 15 የነበረው ቤት ከሰዓት በኋላ ቢጫው አውቶቡስ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ሦስት ተማሪ ሲያወርድ 18 ይሆናል። ጨቅላዎቹን እናቶቻቸው የሚወስዷቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። «ለትንሽ ጊዜ ነው» የሚባለው ይህ ነው፤ በየቀኑ ግን ይመጣል። ደግሞም ያ ሰዓት የቀኑ ከባዱ ሰዓት ነው፤ ተማሪው ርቦታል፣ ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ያለቅሳል፣ በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል። ረዳት የምትቀጥሪ ከሆነ ሙሉ ቀን ባትችዪ እንኳ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ገብታ የመጨረሻው ጨቅላ እስኪሄድ እንድትቆይ አድርጊ።

ረዳት ስልሽም ረዳት ማለቴ ነው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ምድር ቤት የተኛ ባል ረዳት ተብሎ አይቆጠርም። የምትቆጠረው የጀርባ ምርመራዋን የጨረሰች፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያደረገች፣ የሠለጠነች፣ በዚያ ሰዓት ልጆቹ ካሉበት ክፍል ሆና ልጆቹን የምታይ ናት። በነገራችን ላይ ባልሽና እቤትሽ የሚኖር አዋቂ ሁሉ፣ ልጅ ባይዙም ምርመራውን ማለፍ አለባቸው። እንግድነት የመጣው ወንድምሽ ከቆየ እሱንም ይጨምራል።

5. ይሉኝታ ቁጥርሽን እንዳያስበልጥሽ።

ከሁሉ የምፈራልሽ ይህን ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስትወጪ አንዲት እናት ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወረደ ተከትላሽ ትመጣለች። «ሰኞ ነርሲንግ ሆም ሥራ እጀምራለሁ፣ የጠዋት ፈረቃ ሰጡኝ፣ ልጄን የማስቀምጥበት የለኝም። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ በማርያም!» ትልሻለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አጠገቧ የእናትሽ ማኅበርተኛ ቆማለች። ያኔ ሕጉ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ይመስልሻል።

እኛ ልጅ የማይመለስበት ቤት ነው ያደግነው። አገር ቤት የጎረቤት ልጅ መጥቶ ከኛ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፣ ስንት እንደሆንን ማንም አልቆጠረም። ግን ያ ግቢ አያት ነበረችበት፣ አክስት ነበረችበት፣ ታላቅ እህት ነበረች፣ አጥር ላይ ሆና የምታይ ጎረቤት ነበረች። አንዱ ቢወድቅ የሚያነሣው ብዙ እጅ ነበር። እዚህ በሩ ተዘግቷል፤ ከምሳ በፊት አንዱ ሕፃን ሲያስመልሰው፣ ሌላው ደረጃ ላይ ሲወጣ፣ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ደግነቱን ይዘን የመጣን ሰዎች ነን፤ እጆቹን ግን ይዘን አልመጣንም።

ስለዚህ መልሱን አስቀድመሽ አዘጋጂ፣ በዚያች ደቂቃ እንዳትፈልጊው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «የኔ እህት፣ ነጥቤ ሞልቷል። ልጅሽን ጨምሬ ብይዘው ያሉትንም ያንቺንም በደንብ አላይም። ነይ፣ ስልክ ልስጥሽ።» ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ባዶ መሆን የለባትም። ላይሰንስ ያላቸውን የሌሎች ሴቶች ስም፣ ሰፈርና የትኛው ዕድሜ ቦታ እንዳላቸው በየወሩ እየደወልሽ አድሺው። እነሱም ሲሞላባቸው ወዳንቺ ይልካሉ። እናቲቱን ባዶ እጇን ካልሰደድሻት አልጨከንሽባትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ የቤተሰብ ልጅም ልጅ ነው። የእህትሽ ልጅ «ዝም ብሎ ሊጫወት» ሲመጣ ነጥብ ይዞ ነው የሚመጣው።

6. ጨቅላ ለምን 4 ነጥብ እንደሆነ በእሳት ልምምድ ታዪዋለሽ።

ሕጉ በየወሩ ከቤት የመውጣት ልምምድ እንድታደርጊ ያዛል። ለወረቀቱ ብለሽ አታድርጊው። አንዱን ልምምድ ሁሉም ተኝተው ሳለ፣ ክረምት ላይ፣ ማንቂያው እየጮኸ ሞክሪው። የሦስት ዓመቱን ልጅ እጁን ይዘሽ «ተነሥ» ብትዪው ዓይኑን እያሸ ይከተልሻል። የሰባት ወሩን ግን ጎንበስ ብለሽ ማንሣት አለብሽ። ሁለት አንሥተሽ ሁለቱም ክንድሽ ሞላ። ሦስተኛው አልጋው ውስጥ ቆሞ እጁን ይዘረጋልሻል። ጎማ ያለው የማስወጫ አልጋ ግዢ፣ በሩ እንደሚያሳልፈው ለኪ፤ ደረጃ ካለ ግን ጎማው አይረዳሽም፣ ጨቅላዎቹን ከውጭ በር ጋር አንድ ወለል ላይ አስተኚ።

እንቅልፍም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጨቅላ በሆዱ አይተኛ ብሎ የመከረው በ1992 ነው፤ ዛሬ የሚመክረው በጀርባው ብቻ እንዲተኛ ነው፤ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። አልጋው ላይ ጋቢ የለም፣ ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። አያቶች «በሆዱ ካልሆነ አይተኛም» ይሉሻል፤ በእርግጥም አንዳንዱ በሆዱ ሲሆን ረዘም አድርጎ ይተኛል። ልጅ የበዛባት፣ የደከማት ሴት የምትፈተነው በዚህ ነው። አራት የሚያለቅሱ ሕፃናት ያሏት ሴት አንዱ ረዘም አድርጎ ቢተኛላት ትመኛለች፣ ሄዳ መተንፈሱን ማየትም ትረሳለች። ከነጥብሽ ሳታልፊ ግን በየሩብ ሰዓቱ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ።

7. ዋጋሽን በነጥብ አውጪ።

ርካሽ አድርጌ ብዙ ልጅ እይዛለሁ የሚለው ስሌት ይህን ሥራ አይመጥንም። አንድ ጨቅላ ሦስት ዓመት የሆናቸውን የሁለት ልጆች ቦታ ይይዛል፤ ክፍያውም ይህን ማሳየት አለበት። እናቶች ሲጠይቁሽ ቀመሩን አሳዪያቸው፤ ሲገባቸው አይከፋቸውም። የፌዴራሉን የምግብ ፕሮግራም ተመዝገቢ፣ ለምታቀርቢው ምግብ ገንዘብ ይመልስልሻል። የልጅ እንክብካቤ ድጎማ የሚያገኙ ቤተሰቦችንም ተቀበዪ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ገቢው አሁንም ካልሞላልሽ ረዳት ቀጥረሽ ነጥቡን ወደ 32 ማሳደግ ነው እንጂ፣ ለብቻሽ ሆነሽ መጨመር አይሆንም።

8. ልጅ አትደብቂ።

ላይሰንስ ያለው ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጎበኛል፣ ቢያንስ አንዱ ሳይነገርሽ ነው። የተገኘው ጥፋት ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ወላጆችም ያነቡታል። በር ሲንኳኳ «ወደ ላይ ውጡ፣ ዝም በሉ» የሚባሉ ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይህ ልቤን ይሰብረዋል። ልጆቹ ያለ ጠባቂ ፎቅ ላይ መቅረታቸው አንድ አደጋ ነው። ሌላው ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ፣ ከእናቱ ቀጥሎ ከሚያምናት ሴት መዋሸትን መማሩ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ወላጁ ራሱ እንዲፈርም አድርጊ፣ መዝገቡንም በር አጠገብ አኑሪው። የሚያጠራጥርሽ ነገር ሲኖር፣ ልጁን ከመቀበልሽ በፊት ለኢንስፔክተርሽ በኢሜይል ጻፊና መልሷን አትመሽ ከመዝገቡ ጋር አያይዢው።