ልጅ ሲታመም ከስልክ የሚጠየቅ ምክር



ዱሮ ልጅ ሲታመም ምክር የሚጠየቀው ጎረቤት ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ተማሪው ልጅ ስልኩን ያወጣና «የሕፃን ተቅማጥ መድኃኒት» ብሎ ይጽፋል። መጠየቁ መልካም ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ስልኩ ላይ የሐኪሙም፥ የነጋዴውም፥ የወሬኛውም ቃል ጎን ለጎን ይወጣል።

አንዲት እናት የስምንት ወር ሕፃን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስለ ምን እንደ ዘገየች ብንጠይቃት፥ «ታላቅ ወንድሙ ስልክ ላይ አይቶ ‹ጥርስ ሊያበቅል ነው፤ ራሱ ይተወዋል› ቢለኝ ጊዜ ተቀመጥኩ» አለችን። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፤ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፤ መጥባትም አቅቶታል። በደም ሥሩ ውኃ ተሰጥቶት ለጥቂት ተረፈ።

ጥርስ ማብቀል እንዲህ ያለ ተቅማጥ አያመጣም። ተቅማጥ የሚመጣው በቆሸሸ እጅ፥ በቆሸሸ ውኃና ዝንብ ባረፈበት ምግብ ወደ ሆድ በሚገባ ተሕዋስ ነው። ግግ ማስወጣትም ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። ሕፃኑን የሚጎዳው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ስለዚህ ስልክ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦

1ኛ፤ ጡት አታቋርጡ፤ ከወትሮው አብዝታችሁ አጥቡ።

2ኛ፤ የ1 ሊትሩን ኦ.አር.ኤስ. ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጡ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።

3ኛ፤ ከጤና ኬላ የተሰጣችሁን ዚንክ፥ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ፥ እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ ጨርሱ።

ከስልክ ምክር ስትፈልጉ ሁለት ነገር አስተውሉ። የሚናገረው ማን ነው? የሚሸጠው መድኃኒትስ አለው ወይ? ከማይታወቅ ሰው ይልቅ የጤና ሚኒስቴር ወይም የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ይታመናል። ከዚህም የሚሻለው በዚያው ስልክ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መደወል ነው፤ እሷ መጥታ ልጁን በዓይኗ ታየዋለች።

ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፥ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፥ ከደነዘዘ፥ ካንቀጠቀጠው ወይም ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፥ ስልኩን ዝጉና ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ገስግሱ። መዋጥ ከቻለ በመንገድም ኦ.አር.ኤሱን አታቋርጡበት።

ልጁ ድኖ ሲመለስ በሽታው እንዳይደግመው፥ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ፥ ልጅ ካጸዳዳችሁ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራታችሁና ከማብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከጠፋ አመድ ይበቃል።