በቤት ውስጥ የምናባዊ እውነታ መከታተያ ሲሳሳት፦ ምንጩን ስለ መለየት

እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ኤችቲሲ ቫይቭ የሚገኝበትን ስፍራ የሚያውቀው በጊዜ ልኬት ነው። በክፍሉ ተቃራኒ ጥጎች የሚሰቀሉት የመጀመሪያው ትውልድ ጣቢያዎች በሰከንድ 60 ጊዜ በሚዞር የኢንፍራሬድ ሌዘር ክፍሉን ያስሳሉ፤ በራስ ላይ የሚጠለቀው መነጽር ደግሞ ጨረሩ ዳሳሾቹን የነካበትን ቅጽበት ወደ ማዕዘን ይለውጣል። በዚህ ፍጥነት የ1 ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት በ5 ሜትር ርቀት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መዛነፍን ያስከትላል።

ከመስተዋት ወይም ከቴሌቪዥን ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣ ጨረር ዳሳሹን የሚነካው በሌላ ቅጽበት በመሆኑ፣ መሣሪያው ያልነበረበትን ስፍራ ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ለተጫዋች መጠነኛ መሰላቸት ነው፤ የተሳታፊዎችን የሰውነት ሚዛን በየቤታቸው ለሚለካ ተመራማሪ ግን የመሣሪያው ግድፈት የሰው መንቀጥቀጥ መስሎ ከመረጃው ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ አስቀድሞ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ሰው ሳይነካው፣ የስፍራ መዝገቡን መመልከት ይበጃል። ዝላዩ በአንድ የክፍሉ ወገን ብቻ ከታየ ነጸብራቅ ይጠረጠራል፤ መስተዋቱን በጨርቅ ሸፍኖ ልኬቱን መድገም ነው። በሁሉም ስፍራ፣ በተለይም ሰው ሲራመድ ከታየ፣ የጣቢያው መስቀያ ላልቶ እንደ ሆነ ይፈተሽ። ጨረሩ ለአፍታ ሲጋረድ የሚጀምር መንሸራተት ግን ሌላ ነው፦ በአክስለሮሜትሩ ልኬት ብቻ ሲመራ የሚጠራቀም ጥቃቅን ስሕተት ነው። ብዙዎች የሚቸኩሉበት ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን፣ በእኔ ግምት፣ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይገባዋል፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ መንስኤውን ይሰውራል። የተሸፈነው መስተዋትም በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ክፍል ይመዝገብ።