በቲክዝ ጎነ ሦስትና ክብ አሳሳል

የሒሳብ ፈተና ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በላቴክስ ሲዘጋጅ፣ በሌላ ፕሮግራም ተሠርቶ እንደ ፎቶ የተለጠፈ ሥዕል ሲጎላ ይደበዝዛል፤ ፊደሎቹም ከጽሑፉ ጋር አይመሳሰሉም። ቲል ታንታው የጀመረው ቲክዝ የተባለው ነጻ ፓኬጅ ግን ሥዕሉን እዚያው ሰነዱ ውስጥ በትዕዛዝ ያወጣል። ለመነሻ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት፣ በዙሪያውም ክብ እንሥራ። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያስቀመጥነው አነባበባቸውን ነው።

1. ሰነዱን ያዘጋጁ። የሰነዱን ዓይነት «ስታንድአሎን» ያድርጉ፤ ገጹን በሥዕሉ ልክ ይቆርጠዋል። ቲክዝን ይጫኑ፤ «ካልክ» የተባለውን ላይብረሪም ይጨምሩ።

2. ነጥቦቹን ይሰይሙ። በ«ኮኦርዲኔት» ትዕዛዝ ኤን (0,0)፣ ቢን (4,0)፣ ሲን (0,3) ላይ ያስቀምጡ። መለኪያ ካልተጻፈ ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር ይቆጠራል።

3. ጎኖቹን ይሳሉ። በ«ድሮው» ሦስቱን ነጥቦች በሁለት ጭረት (--) ያገናኙና በ«ሳይክል» ይዝጉ። በ«ሳይክል» ፈንታ ኤን ደግመው ቢጽፉ መስመሩ እዚያው ይደርሳል፤ መጋጠሚያው ግን በደንብ አይገጥምም። መስመሩ ሲወፍር ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል።

4. የ90 ዲግሪ ምልክት ያድርጉ። (0.3,0)፣ (0.3,0.3) እና (0,0.3)ን በቅደም ተከተል ያገናኙ።

5. ክቡን ይሳሉ። ኤ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ስለሆነ የክቡ መሐል የረጅሙ ጎን እኩሌታ ላይ ይውላል። ነጥቡን ($(ቢ)!0.5!(ሲ)$) ብለው ያግኙ፤ ሬዲየሱ 2.5 ነው። ክቡ ሦስቱንም ነጥቦች ከነካ ሥራው ልክ ነው። በኋላ ነጥቦቹን ቢያዛውሩ ጎኖቹ ይከተላሉ፤ በቁጥር የሰጡትን ሬዲየስና የማዕዘን ምልክት ግን ራስዎ ያስተካክላሉ።

6. ስሞቹን ይጻፉ። በ«ኖድ» ትዕዛዝ ኤን ከግራ በታች፣ ቢን ከቀኝ በታች፣ ሲን ከግራ በላይ ያድርጉ፤ ከክቡ ውጭ ይውላሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው በፊደላችን መሰየም ከፈለጉ ሰነዱን በዚላቴክስ ወይም በሉአላቴክስ ያስኪዱ፤ በ«ፎንትስፔክ»ም እንደ አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፎንት ይምረጡ።

ሥዕሉ አልወጣ ካለ አስቀድመው «;» ይፈልጉ፤ እያንዳንዱ የሥዕል ትዕዛዝ የሚዘጋው በእሱ ነው። ሥዕሉን ለማሳነስም «ስኬል»ን ይጠቀሙ፦ መስመሮቹ ያጥራሉ፣ ፊደሎቹ ግን መጠናቸውን ስለማይለቁ ተማሪው ሳይቸገር ያነባቸዋል።