ስለ አማርኛ ትእዛዞችና ስለ አቋራጭ ቁልፎቻቸው

በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብኩት፥ የኮምፒዩተር ትእዛዞች በአማርኛ ሲጻፉ አቋራጭ ቁልፋቸው እንዴት ቢመረጥ ይመቻል የሚለውን ነው።

ለዚህ ያነሣሣችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። እርስዋ እዚሁ ቡኢ ማመልከቻ በኮምፒዩተር እየጻፈች ትተዳደራለች። ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ማውሷ ተበላሸባት። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን በዚያው ቀን ማስገባት ነበረበት፤ ጽሑፉም አልቆ ነበር፤ ነገር ግን የማተሚያውን ትእዛዝ የምትነካበት ስላጣች እጅዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮንትሮልንና ፒን አብሬ ተጭኜ አተምኩላት። «ታዲያ ፒን በምን ላስታውሰው?» አለችኝ። ፒ የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ ነው ብላት ምንም አልጠቀማትም።

አቋራጭ በሁለት መንገድ ይመረጣል። አንደኛው በቦታ ነው። መቁረጥ፥ መቅዳትና መለጠፍ ለኤክስ፥ ለሲና ለቪ ተሰጥተዋል፤ ሦስቱ ቁልፎች በታችኛው መደዳ ጐን ለጐን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሊዛ በተባለው የአፕል ኮምፒዩተርም ላይ ነበሩ። ጣት የሚለምደው ቦታውን ስለ ሆነ እነዚህን ወደ አማርኛ መለወጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው በፊደል ነው። ኦልት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ፥ በሜኑው ቃል ውስጥ የተሰመረበትን ፊደል መንካት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አስቀምጥ፥ አትም፥ አስገባ፥ አርም፥ አጥፋ፤ የእኛ ትእዛዝ አብዛኛው በ«አ» ስለሚጀምር፥ መነሻውን ብንይዝ ሁሉም በአንድ ቁልፍ ላይ ይወድቃሉ። ደግሞም ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ሲሆን፥ ኪቦርዱ የተሠራው ለ26 ፊደል ነው። በጽሕፈት መኪና ጊዜም ኢንጂነር አያና ብሩ በዚሁ ነገር ብዙ ደክመዋል። ዛሬ በድምፅ በምንጽፍበት ዘዴ «ገ»ን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ ሲነካ፥ ለ«ግ» አንዱ ይበቃል።

ስለዚህ «አ»ን ዘልዬ፥ በቃሉ ውስጥ ጐልቶ የሚሰማውን ፊደል በሳድሱ ያዝኩ፤ ለአትም ት፥ ለአስገባ ግ፥ ለአስቀምጥ ቅ፥ ለአርም ር። ለአጥፋ «ጥ» በተስማማ ነበር፤ ነገር ግን «ጥ» የሚጻፈው በሺፍት ነው፤ ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ደግሞ ዊንዶውስ የሚጻፍበትን ቋንቋ ይለውጣል። ስለዚህ «ፍ»ን ሰጠሁት። ፈልግ በ«ል» ረካ።

ፕሮግራሙን መለወጥ ስለማንችል በወረቀት ሞከርነው፤ እኔ ትእዛዙን እጠራለሁ፥ እርስዋ በኪቦርዱ ላይ ታመለክታለች። አትምንና አስገባን ወዲያው አገኘች። ፈልግ ብላት ግን ጣትዋ በ«ፍ» ላይ አረፈ፤ እውነተኛ ሥራ ቢሆን ኖሮ የሰው ማመልከቻ አጥፍታ ነበር! እኔ ስለ ቁልፍ ብዛት ስጨነቅ ይህን አላሰብኩትም። በዚያው ቀን «ፍ»ን ለፈልግ መለስኩ፤ አጥፋንም ያለ ፊደል ተውኩት። ማጥፋት የፈለገ በቀስት ቁልፍ አንድ በአንድ እየወረደ ይድረስበት።