ኃይለ ቃልና አንቀጽ

ኃይለ ቃል የአንቀጹን ዋና ሐሳብ ጠቅልሎ የሚይዝ ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

በጠባብ መሬት ላይ የተደራረቡ ትናንሽ ቤቶች ብዙ ሰው ለረዥም ዘመን የሚያኖሩት በጋራ ሲጠበቁ ነው። አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው ባለ 140 ክፍል ሕንፃ በ1972 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ከተማ ተሠራ። የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት 10 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። ክፍሎቹ በ25 ዓመት ገደማ እየተነቀሉ በአዲስ እንዲተኩ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ አንዱን ለመንቀል ከበላዩ ያሉትን ማንሣት ግድ ሆነ፤ ባለቤቶቹም በአንድ ቃል አልተስማሙም። ስለዚህ አንድም ክፍል ሳይተካ ሕንፃው አርጅቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈረሰ።

መልመጃ

1. የአንቀጹን ኃይለ ቃል ለይታችሁ አውጡ።
2. «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አስረዱ።
3. ስለ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ አጠባበቅ አንድ አንቀጽ ጻፉ።